ማውንት ዋሽንግተንን በበረዶ ወቅት የወጣ ሰው አለ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ግራ ገብቶኛል። የምኖረው ቦስተን ነው፤ በየካቲት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኒው ሃምፕሸር ያለውን ማውንት ዋሽንግተንን ልንወጣ አስበናል። ከፍታው 1,917 ሜትር ነው፣ ራስ ዳሸንን ለወጣ ሰው (ወጥቻለሁ፣ ጉራ አይምሰላችሁ) ምን አላት ብዬ ነበር። ከዚያ ስለ ነፋሱ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ጫፉ ላይ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር ተለክቷል! ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ላይ የሚታሰር ሹል ብረት) እና የበረዶ መጥረቢያ እንከራያለን፣ እሱ አያሳስበኝም። የጨነቀኝ ዛፍ ካለቀ በኋላ ያለው ነው፤ መከለያ የለም፣ ጉም ከወረደ መንገዱም ይጠፋል። ተከርማን በሚባለው የተራራው ገደላማ ሸለቆ በኩል የበረዶ ናዳ ስለሚያሰጋ ላየን ሄድ በሚባለው መንገድ እንሂድ ብለናል። ነፋሱ ስንት ሲደርስ ነው የምትመለሱት? አንዱ ጓደኛዬ «ደርሰን እናየዋለን» ባይ ነው፣ እኔ ደግሞ የመመለሻ ሰዓት ካልቆረጥን አልሄድም ብያለሁ። መሪ እንቅጠር ወይስ ይቅርብን? የምታውቁ እባካችሁ።