ጡረተኛው የማንን ነው የበላው?

የማርቆሱ መምህር፦ ትናንት እዚህ አንዱ «ወጣቱ ይሠራል፣ ሽማግሌው ይበላል፤ የጡረታ ፈንዱ የትም አይደርስም» ብሎ ጻፈ። ሌሊቱን ስብሰለሰል ነው ያደርኩት። 35 ዓመት አስተምሬያለሁ። ከደመወዜ ሳይቆረጥ ያለፈ ወር የለም። የማንን ነው የበላሁት?

የቡሬው፦ ጋሼ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎን ለመንካት አይደለም። ግን ከእኔ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 ይጨምራል። ከ2003ቱ የጡረታ አዋጅ በፊት እኮ ሠራተኛው 4፣ መንግሥት 6 ብቻ ነበር የሚከፍሉት። በትንሽ መዋጮ የወጣውን ሰው አሁን የምንሸከመው እኛ ነን።

የማርቆሱ መምህር፦ ደግሞ «የምንሸከመው» አልክ! 4ቱን በመቶ የወሰነው መምህሩ ነው? የተባልነውን ከፍለናል። ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው በየዓመቱ 1.25 እየተጨመረ፣ የእኔ 61.25 በመቶ ላይ ቆመ። እሱም ከመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደመወዝ ነው። በ2017 ደመወዝ ሲሻሻል እኔ ቀድሜ ወጥቻለሁ፤ ስሌቴ በድሮው ደመወዝ ነው።

የፍኖተ ሰላሟ፦ «ይበላል» ያልከው ልጅ፣ እኔንም ስማኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የማገኘው የእሱን ጡረታ ግማሽ ነው። ከባንክ ሳልወጣ ነው የምከፋፍለው፤ ይቺ ለቤት ኪራይ፣ ይቺ ለዘይት፣ ይቺ ለትንሿ ልጄ ደብተር። ለበርበሬ የሚተርፍበት ወር ጥቂት ነው። ይሄ መብላት ከተባለ እንግዲህ ምን ይባላል?

የቡሬው፦ እትዬ፣ አዝናለሁ። ግን ያወሩት የገንዘቡን ማነስ ነው፤ እኔም የምለው ያንኑ ነው። እናንተን ካልበቃ እኔ 60 ሲሞላኝ ምን ሊቀር?

የባሕር ዳሯ ሂሳብ ሠራተኛ፦ ተሳስተህ የተጣላኸው ከጡረተኛው ጋር ነው። የፈንዱ ገንዘብ ለዓመታት በአብዛኛው የተቀመጠው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት በሚበደርበት ወረቀት ነው፤ ወለዱ ደግሞ ከዋጋ ንረቱ በታች ነበር። ብሩ ቁጥሩ እያደገ አቅሙ ወረደ። ሽማግሌው አልበላውም፣ ኑሮ ውድነቱ በላው። የ2014ቱ የጡረታ አዋጅ ወደ ሌላ ኢንቨስትመንትም በር ከፍቷል። መከራከር ያለብን የት ይግባ፣ ማን ይቆጣጠረው በሚለው ላይ ነው።

የቢቸናው ገበሬ፦ ስለ 7 እና 11 ስትጨቃጨቁ እኛን የሚያነሳ የለም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጤፍ አርሶ አገር መግቧል። ጉልበቱ ሲደክም ያለው ልጆቹ ብቻ ናቸው፤ ልጆቹ ደግሞ አዲስ አበባ ገብተዋል። ለእሱ ጡረታ ማን ያስብለት?

የቡሬው፦ ገበሬው ግብር እንጂ የጡረታ መዋጮ አይከፍልም። ያልከፈለ እንዴት ይወስዳል?

የቢቸናው ገበሬ፦ ክፈል ያለን ማን አለ? መዝግቡን፣ በመኸር እንክፈል። መንገዱ ሳይከፈት «አልከፈላችሁም» አይባልም።

የማርቆሱ መምህር፦ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ሌላ ቀን ለብቻው እናንሳው። አንተ የቡሬው ግን «ይበላል» ያልከውን አንሳ።

የቡሬው፦ አላነሳም፣ ጋሼ። የሥራ ጓደኛዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ተቆረጠበት፤ ሲጠይቅ አሠሪው ገቢ አላደረገለትም። የሚሠራው እየተቆረጠበት በስሙ የሚገባ ከሌለ፣ እኔ በምን ልመን?

የፍኖተ ሰላሟ፦ ታዲያ የበላው አሠሪው ነዋ! ሽማግሌውን ለምን ትሰድባለህ?

የባሕር ዳሯ ሂሳብ ሠራተኛ፦ ጓደኛህ የደመወዝ ወረቀቱንና የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይዞ ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ይሂድ። ለየትኛው ወር ገቢ እንደተደረገ በጽሑፍ ይጠይቅ። አንተም የራስህን ዛሬውኑ አጣራ።

የቡሬው፦ አጣራለሁ። ባይገባ ግን እዚሁ መጥቼ እጽፋለሁ፣ አሁን ካልኩትም የከረረ ነው የሚሆነው።

የማርቆሱ መምህር፦ ጻፍ። ያኔ ግን የበላውን ሰው ስም በትክክል ጥራ፤ ጡረተኛ አትበል።