አጋቿን ትውደደው ወይስ ይቅር?

ወገኖች፣ ልቦለዴ ምዕራፍ ሰባት ላይ ቆሞብኛል። ልጅቷ ታግታለች። ሌሊት ሲበርዳት አጋቿ ጋቢውን አውልቆ አለበሳት። ጠዋት ገመድ የላጠውን የእጇን አንጓ እያሻሸች «አንተስ አልበረደህም?» አለችው። እዚህ ጋ ብዕሬ ደረቀ።

ታጋች ልቡ ወደ አጋቹ ማዘንበሉ በእውን እንዳለ አውቃለሁ። በ1973 እ.ኤ.አ. ስዊድን አገር፣ ስቶክሆልም ከተማ፣ አንድ ባንክ ውስጥ ስድስት ቀን ከታገቱት አራት ሠራተኞች መካከል ከአጋቹ ይልቅ ፖሊስን የፈራች ነበረች። ለዚህ ስሜት የተሰጠው «ስቶክሆልም ሲንድረም» የሚለው ስምም ከዚያው የመጣ ነው። እኔን የጨነቀኝ ግን አንባቢው «አይ ፍቅር!» ብሎ እንዳያጨበጭብ ነው። የጠለፋ አገር ልጆች ነን፤ «ኋላ ትለምደዋለች» ሲባል ሰምተን አድገናል።

ፍርሃቷ ሳይጠፋ መላመዷን እንዴት ላሳይ? በእሷ አንደበት ልተርከው ወይስ ከውጭ ሆኜ? ሞክራችሁት የምታውቁ፣ እስኪ አንድ በሉኝ።