ክትባት የወሰደ ውሻ ዘግይቶ ማይክሮቺፕ ቢገባለት ወደ ጀርመን ይገባል?

የቡቺ ባለቤት፦
ጤና ይስጥልኝ። ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን ስለምዛወር ውሻዬን ይዤ ለመሄድ አስቤአለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በቅርቡ ወስዷል፤ ከቆዳ ሥር የሚገባው የመለያ ቁጥር የያዘ ቺፕ ግን የለውም። አሁን ባስገባለት ክትባቱ ይቆጠርልኛል? ቢጠፋብኝስ ያለበትን ቦታ በስልኬ ማየት እችላለሁ?

የእንስሳት ሐኪም፦
ክትባቱ አይቆጠርም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ክትባት የሚሰጠው ቺፑ በገባበት ዕለት ወይም ከዚያ በኋላ ነው፤ በክትባት ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የቺፑ ቁጥር ስለሆነ፣ ያለ ቁጥር የተሰጠ ክትባት የየትኛው ውሻ እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ ቺፑ ከገባ በኋላ እንደገና ያስከትቡት። ኢትዮጵያ ከደም ምርመራ ነፃ ከሆኑት አገሮች መካከል ስላልሆነች፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይወሰድና ኅብረቱ እውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ የአንቲቦዲው (ክትባቱ በደሙ ውስጥ የፈጠረው የበሽታ መከላከያ) መጠንም በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። ውጤቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መሙላት አለበት። ትኬት የሚቆርጡት ይህን ሁሉ አስልተው ይሁን።

ቺፑ ቦታ አይጠቁምም። የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ባትሪ የሌለው ነገር ሲሆን፣ ስካነር (የቺፕ ማንበቢያ መሣሪያ) ሲቀርብለት ከዚያው በሚያገኘው ኃይል ባለ 15 አኃዝ ቁጥሩን ብቻ ይሰጣል።

ከፍራንክፈርት፦
ሐኪሙ በተናገሩት ላይ ልጨምር። ቺፑ አይኤስኦ 11784 እና 11785 የተባሉትን ዓለም አቀፍ መስፈርቶች የሚያሟላ፣ በ134.2 ኪሎ ኸርዝ የሚነበብ መሆኑን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ካልሆነ የሚያነበውን ስካነር ራስዎ ይዘው መምጣት ሊኖርብዎ ነው። ከመርፌው በፊትም በኋላም ቁጥሩ በፊትዎ ይነበብ፣ ከወረቀቱም ጋር ይመሳከር፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ድንበር ላይ የሚያከራክርዎ እሱ ነው። እዚህ ሲደርሱ ደግሞ ቁጥሩን ከስልክ ቁጥርዎ ጋር ታሶ በተባለው የቤት እንስሳት መዝጋቢ ድርጅት በነፃ ያስመዝግቡ። ብዙ ሰው ቺፑን አስገብቶ ምዝገባውን ይረሳል፤ ያን ጊዜ ውሻውን ያገኘው ሰው ቁጥሩን ቢያስነብብም የሚደውልለት ባለቤት አያገኝም።

የቡቺ ባለቤት፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማደንዘዣ ያስፈልገው ይሆን?

የእንስሳት ሐኪም፦
አያስፈልገውም። መርፌው ከክትባት መርፌ ወፈር ይላል እንጂ፣ ከአንገቱ ጀርባ፣ በትከሻዎቹ መካከል ባለው ልል ቆዳ ውስጥ በቅጽበት የሚገባ ነው። አንዳንዴ ቺፑ ከገባበት ቦታ ትንሽ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ በየዓመቱ ለክትባት ሲያመጡት ትከሻውና ደረቱ ጭምር በስካነር ይታይለት።