ለስፔን ፕሮፌሰር «ሴኞራ ካርመን» ብሎ መጻፍ ልክ ነው?

ጥያቄ (አመልካቿ)
ሰላም ለሁላችሁ። ማድሪድ ለማስተርስ ላመለክት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ስም «ካርመን ሎፔዝ ሩይዝ» ነው እንበል። «ወይዘሮ ካርመን» ለማለት ፈልጌ ኢሜይሌን «ኤስቲማዳ ሴኞራ ካርመን» (የተከበሩ ወይዘሮ ካርመን) ብዬ ጀመርኩ። ያስኬዳል? «ቱ» (አንቺ) ልበላት ወይስ «ኡስቴድ» (እርስዎ)?

መልስ (ተርጓሚው)
እህቴ፣ ስህተቱ የመጣው ሴኞራን ከወይዘሮ ጋር አንድ በማድረግሽ ነው። እኛ አቶና ወይዘሮን የምናስቀድመው በሰውየው በራሱ ስም ላይ ነው። ሴኞርና ሴኞራ ግን ከቤተሰብ ስም ጋር ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ «ሴኞራ ሎፔዝ» በያት። ከራስ ስም ፊት የሚገባው ለወንድ «ዶን»፣ ለሴት «ዶኛ» ነው፦ «ዶኛ ካርመን»። በአገባቡ ለ«አቶ» የሚቀርበው እንግዲህ ዶን ነው። «ዶን ሎፔዝ» ማለትም ጆሮ ይጎረብጣል። በጣም መደበኛ በሆነ ደብዳቤ ሁለቱ ተደርበው ከነሙሉ ስም ይጻፋሉ፦ «ሴኞራ ዶኛ ካርመን ሎፔዝ ሩይዝ»።

የመጨረሻውን ስም እንዳትወስጂ። በልማዱ ሎፔዝ ከአባቷ፣ ሩይዝ ከእናቷ የመጣ ነው፤ የምትጠራው በፊተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የስፔን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ፔድሮ ሳንቼዝ ሁለተኛ የቤተሰብ ስማቸው ፔሬዝ-ካስቴሆን ነው፤ ዜናው ላይ ግን «ሳንቼዝ» ናቸው። የስፔን ሴት ስታገባም ስሟን አትቀይርም፤ በባሏ ስም የምትጠራ መስሎሽ አትሳሳቺ።

«ሴኞሪታ»ን ለሥራ ደብዳቤ ተዪው። እንደ «ወይዘሪት» ያላገባች ማለት ስለሆነ፣ ትልቅን ሰው ልጅ እንደማድረግ የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው።

መልስ (የሰዋስው መምህር)
ለአንቺ ጉዳይ ከሴኞራም የሚሻለው ማዕረጓ ነው፦ «ኤስቲማዳ ፕሮፌሶራ ሎፔዝ»። ከዚያ በኋላ ነጠላ ሰረዝ ሳይሆን ሁለት ነጥብ አድርጊ፤ ቀጣዩን መስመር በትልቅ ፊደል ጀምሪ። በዓረፍተ ነገር መካከል ዶን፣ ሴኞር፣ ፕሮፌሶራ በትንሽ ፊደል ይጻፋሉ፤ ትልቅ የሚሆኑት ሲያጥሩ ነው።

በመጀመሪያው ኢሜይል ኡስቴድ ተጠቀሚ። ቃሉ «ቩኤስትራ ሜርሴድ» ከሚል የድሮ የክብር አጠራር ስለመጣ ግሱ በሦስተኛ መደብ ይረባል፦ «ቱ ቲዬኔስ» (አንቺ አለሽ)፣ ግን «ኡስቴድ ቲዬኔ» (እርስዎ አለዎት)። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም፤ «እርስዎ ይመጣሉ» ስንልም ግሱ የ«እነሱ» ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ግሱን አስተካክሎ የባለቤትነት ቃሉን ሲረሳ ነው። «ቱ ካርታ» ካልሽ «ደብዳቤሽ» ማለት ነው፤ «ደብዳቤዎ» የሚሆነው «ሱ ካርታ» ነው። ከመላክሽ በፊት «ቱ» እና «ቴ» (አንቺን) የሚሉትን ብቻ እየፈለግሽ አንድ ጊዜ አንብቢው። መዝጊያው «ሬሲባ ኡን ኮርዲያል ሳሉዶ» (ከልብ የሆነ ሰላምታዬን ይቀበሉ) ይሁን፤ «ሬሲባ» ራሱ የኡስቴድ ግስ ነው።

መልሷ ላይ «ካርመን» ብላ ፈርማ በቱ ከጻፈችልሽ አንቺም ወደ ቱ ተሻገሪ። ስፔን ውስጥ ይህ ቶሎ ይመጣል፤ በኡስቴድ መቀጠልሽ ርቀት መጠበቅ ይመስላታል።

መልስ (ከቦጎታ)
ይህን የስፔን ልማድ ይዛችሁ ላቲን አሜሪካ አትሂዱ። ቦጎታ ውስጥ ወንድማማቾችና ባልና ሚስት እንኳ ኡስቴድ ይባባላሉ፤ ኩርፊያ አይደለም። አርጀንቲና በ«ቱ» ፋንታ «ቦስ» ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ዲግሪ ያለውን ሰው «ሊሴንሲያዶ» (ባለዲግሪ) ወይም «ኢንሄኒዬሮ» (መሐንዲስ) ብሎ በማዕረጉ ብቻ መጥራት የተለመደ ነው፤ ስፔን ውስጥ ይህ አይሠራም። ለብዙ ሰው ሲሆን ደግሞ ስፔኖች ለቅርብ ሰው «ቦሶትሮስ» ሲሉ፣ ላቲን አሜሪካ ለሁሉም «ኡስቴዴስ» ነው።

አመልካቿ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንድ ቀረኝ፦ ቅጹ «ፕሪሜር አፔዪዶ» (የመጀመሪያ የቤተሰብ ስም) እና «ሴጉንዶ አፔዪዶ» (ሁለተኛ የቤተሰብ ስም) ይላል። የእናቴን ስም ልሙላ?

መልስ (ተርጓሚው)
አትሙዪ። በፓስፖርትሽ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የሰፈረውን በመጀመሪያው ሣጥን ጻፊ፤ ሁለተኛውን ባዶ ተዪው። ፓስፖርቱ ላይ የሌለ ስም ከጨመርሽ የመግቢያ ደብዳቤውና ቪዛው አይገጥሙም። የተጻፈው የአባትሽ ስም ከሆነም፣ ለምሳሌ ከበደ፣ «ሴኞራ ከበደ» ብለው ሲጠሩ አንቺን ማለታቸው ነውና አቤት በዪ።