የጢምና የደረት ፀጉር ወደ አናት ለማስተከል የት ይሻላል? (ጥቆማ)

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢስታንቡል ሄጄ የፀጉር ንቅለ ተከላ አሠርቼ ነበር። የግንባሬ መስመር በሚገባ በቅሎልኛል፤ አናቴ ግን እንደተራቆተ ነው፤ ከማጅራቴ ተጨማሪ ቢወሰድ ደግሞ እሱም ይሳሳል ተብያለሁ። ጢሜና የደረቴ ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከዚያ ወስዶ መትከል እንደሚቻል ሰምቻለሁ። ያሠራችሁ ካላችሁ፣ ኢስታንቡል ልመለስ ወይስ እዚሁ አሜሪካ ላሠራ?

የዱባዩ፦ ወንድሜ፣ ደረትዎን እንዳያስነኩ። እኔ ኢስታንቡል በሄድኩበት ክሊኒክ ሐኪሙ በእስክሪብቶ መስመር አስምሮልኝ ከወጣ በኋላ ዳግመኛ አላየሁትም፤ መንቀሉንም መትከሉንም የሠሩት ረዳቶቹ ናቸው። ከደረቴ የተወሰደው ፀጉር አናቴ ላይ እዚህም እዚያም ብቻ ሲበቅል፣ የተነቀለበት ቦታ ግን አብጦና ጠጥሮ እስከ ዛሬ ያሳክከኛል። ቅሬታዬን ብጽፍላቸው የላኩልኝ መልስ የሻምፑ ማስታወቂያ ነው።

ቦሌ ሚካኤል፦ ሆቴሉ በዋጋው ውስጥ ተካትቶ ነበር?

የዱባዩ፦ ሆቴሉም፣ ከአየር ማረፊያ መቀበሉም፣ አስተርጓሚውም ተካትተው ነበር። ያልተካተተው ሐኪሙ ነው።

ታማኝ ደንበኛ፦ አንድ ክሊኒክ ስላጠፋ ከተማውን በሙሉ ማማት አግባብ አይደለም። እኔ እዚያው ኢስታንቡል፣ ሺሽሊ ሰፈር ካሠራሁ ወዲህ አጎቴም የሥራ ባልደረባዬም እዚያው አሠርተው ረክተዋል። ጠያቂው ሳይጠራጠሩ እዚያ ይሂዱ።

አላፊ አግዳሚ፦ ሦስታችሁም ከጢማችሁ ነው ያስተከላችሁት?

ታማኝ ደንበኛ፦ ከማጅራታችን ነው። ቢሆንም እጃቸው ያው እጅ ነው።

አላፊ አግዳሚ፦ እንግዲያው የሰፈሬ ዳቦ ጋጋሪ ጎበዝ ስለሆነ ጫማዬንም እሱ ዘንድ ላሰፋ ነው።

የቆዳ ክፍል ነርስ፦ በሥራዬ ምክንያት የማውቀውን ልጻፍ። ሙያው የቆመው የኒው ዮርኩ ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይክ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ግኝት ላይ ነው፤ ከማጅራት የተወሰደ ፀጉር መላጣ ቦታ ላይ ቢተከልም የመጣበትን ሥፍራ ጠባይ ይዞ ያድጋል። ይህ ለገላ ፀጉርም በአመዛኙ ስለሚሠራ ችግሩ ከዚያው ይመነጫል። የራስ ፀጉር ለዓመታት ሳያቋርጥ ሲያድግ፣ የደረትና የእግር ፀጉር ለጥቂት ወራት ብቻ አድጎ ያርፋል፤ ስለዚህ የተተከለው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይታይም፣ ብዙም አይረዝምም። በራስ ላይ ከአንድ ቦታ ከ1 እስከ 4 ፀጉር አብሮ ሲወጣ፣ የገላው አብዛኛውን ጊዜ 1 ብቻ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ጢም ሲሆን፣ ወፍራም በመሆኑ አናትን ይሸፍናል፤ ሻካራነቱ ግን ለግንባር መስመር አይመችም። በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚሠሩት ዶክተር ሳኑሲ ኡማር ከገላ ፀጉር የተከሉላቸውን የ122 ታካሚዎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል፤ ቀጭኑን የእግር ፀጉርም ለግንባር መስመር ማለስለሻ ተጠቅመውበታል።

ለእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የተጠቀለለ ፀጉር ከቆዳ በታችም የታጠፈ ስለሆነ፣ ልምድ የሌለው እጅ ሲያወጣው ሥሩን ይቆርጠዋል። ኬሎይድ የሚባለው፣ አብጦ የሚጠጥር ጠባሳም በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፤ ደረት፣ ትከሻና መንጋጋ ይቀናቸዋል፤ የዱባዩ ወንድማችን የገለጹትም እርሱን ስለሚመስል ለቆዳ ሐኪም ያሳዩት፤ ጠባሳው ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት አለ። ጠያቂው ከከተማው ይልቅ ሐኪሙን ይምረጡ፤ ‹ፀጉሩ እንደ እኔ በተጠቀለለ ሰው ላይ ከጢም የተከሉትን፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የተነሣ ፎቶ አሳዩኝ› ይበሉ። ማሳየት ከቻሉም በመጀመሪያ ከአገጭ ሥር ጥቂት ብቻ አስነቅለው ጠባሳውን ለወራት ይከታተሉ። በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በተተከለው ብዛት፣ በኢስታንቡል ደግሞ በጥቅል ስለሆነ፣ ለሙከራ የሚመቸው የአሜሪካው ነው።

እናት፦ እኔስ? ሹሩባ አጥብቄ ስሠራ ኖሬ በጆሮዬ በኩል ፀጉሬ ሸሽቷል። ጢም የለኝም።

የቆዳ ክፍል ነርስ፦ እህቴ፣ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ሹሩባውን አሁኑኑ ያላሉት፤ ቶሎ ከተደረሰበት መልሶ ሊበቅል ይችላል። የራስ ቆዳ በሽታ አለመሆኑን ለማረጋገጥ፣ አዲስ አበባ ካሉ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ይታዩ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጢሜን የማሳደግ ሐሳብ ስላለኝ፣ ከተነቀለ በኋላ መልሶ ይበቅላል?

የቆዳ ክፍል ነርስ፦ የተነቀለው አይመለስም፤ ነጠብጣብ ምልክትም ሊተው ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው ከመንጋጋ በታች፣ ከአንገት በኩል የሚወሰደው፤ የፊትዎ ጢም ይቀራል።

ታማኝ ደንበኛ፦ የሺሽሊውን ክሊኒክ ስልክ በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ። አጎቴ ልኮኝ ነው ይበሏቸው፤ ቅናሽ ያደርጋሉ።

ቦሌ ሚካኤል፦ ለእኔም ይላኩልኝ። ቁርስ አለው?