ጊዜው ሳይጠቀስ ሲምፕል ፓስት ወይስ ፕረዘንት ፐርፌክት? እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ ስጽፍ አሁንም መላ ያጣሁለት ነገር ያለፈ ጊዜ ነው። የቃላቱ ቅደም ተከተል አያስቸግረኝም፤ ግሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ፣ ተሳቢው ደግሞ ከግሱ በኋላ እንደሚመጣ ገብቶኛል። የጨነቀኝ «አይ ሶው ሂም» (ሲምፕል ፓስት) እና «አይ ሃቭ ሲን ሂም» (ፕረዘንት ፐርፌክት) የሚሉትን መለየቱ ነው። በአማርኛ «ትናንት አየሁት» ብንልም «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንልም ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ ግን «የስተርዴይ» ካለ «ሃቭ ሲን» አይገባም፤ ያለቀ ጊዜ ከተጠቀሰ ሲምፕል ፓስት ብቻ ነው። እዚህ ድረስ ደህና ነኝ።

ጊዜው ሳይጠቀስ ሲቀርስ? ለአለቃዬ ሪፖርቱን መላኬን ሳሳውቅ «አይ ሰንት» ልበል ወይስ «አይ ሃቭ ሰንት»? «ኦልሬዲ» (አስቀድሞ) የሚለው ቃል ሲገባማ ይብሳል። በእንግሊዞች አጻጻፍ «አይ ሃቭ ኦልሬዲ ሰንት ኢት» ይመረጣል፤ አሜሪካኖች ግን «አይ ኦልሬዲ ሰንት ኢት» ማለት ያዘወትራሉ። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሁለቱን ባቀላቅል አንባቢውን ቅር ይለዋል? የሥራ ማመልከቻ እየጻፍኩ ስለሆነ ነገሩ በጣም አሳስቦኛል።

የሕግ ዝርዝር አንብቤያለሁ፣ እሱ አልረዳኝም። እባካችሁ፣ ጊዜ ሳይጠቀስ እናንተ በምን እንደምትወስኑ ከሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጋር አሳዩኝ።