ባዮሎጂ ተመርቄ ደሴ ኮምቦልቻ አካባቢ የላብ ሥራ ይገኛል?

የደሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አፕላይድ ባዮሎጂ ነው የተመረቅኩት ኤግዚትም አልፌያለሁ፣ ይኸው ቤት ከተቀመጥኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ላብ ውስጥ መሥራት ነው የምወደው። ሁሉም አዲስ አበባ ሂጂ ይለኛል ግን እናቴን ትቼ መሄድ አልችልም፣ ደግሞ እዛ የቤት ኪራዩ ብቻ ደሞዙን ይጨርሰዋል። እዚህ ሆስፒታልና ክሊኒክ ሦስት ቦታ ሲቪ አስገብቼ ነበር አንዱ ጋ የዲግሪውን ስም እንዳዩት ወዲያው መለሱልኝ። ከደሴ ቢርቅ ቢርቅ ደብረ ብርሃን ድረስ ለኛ የሚሆን የላብ ሥራ አለ ወይ? ዘመድ የሌለው ሰው የሚገባበት ማለቴ ነው።

ሜድላብ ወሎ፦
እህቴ ሆስፒታል ላይ ጊዜሽን አትጨርሺ። የታካሚ ናሙና ለመሥራት የሜዲካል ላብራቶሪ ዲግሪ ኖሮሽ የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ፈተና አልፈሽ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አለብሽ። ባዮሎጂ የተማረ ሰው ፒሲአር (የዘረመል ምርመራ) ከኔ በላይ ቢያውቅም ያንን ፈቃድ አያገኝም። ኮሮና ጊዜ አብረውኝ የሠሩ የባዮሎጂ ልጆች ነበሩ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን መደብ አልነበራቸውምና ወጡ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

የቢራ ላብ፦
አብሽሪ እህት ዓለም! እኔም ባዮሎጂ ነኝ፣ ቢራ ፋብሪካ ማይክሮባዮሎጂ ላብ ውስጥ 4 ዓመቴ። ስህተትሽ ምን መሰለሽ፣ ላብ ቴክኒሽያን ብለሽ ነው የምትፈልጊው፣ ማስታወቂያው ላይ ግን ኳሊቲ ኮንትሮለር ወይ ላብ አናሊስት ነው የሚለው፣ ከታች ኬሚስትሪ ፉድ ሳይንስ ባዮሎጂ ወይም ተዛማጅ ይላል። 0 ዓመት የሚልም ይወጣል። ኮምቦልቻ ቢጂአይ አለ፣ ደብረ ብርሃን ዳሽንና ሐበሻ፣ የታሸገ ውኃ ፋብሪካውንም አትርሺ። ሥራው ደስ ይላል፣ ጠዋት የእርሾውን ናሙና ሜቲሊን ብሉ ቀብተሽ በማይክሮስኮፕ ታያለሽ ሰማያዊ የሆነው የሞተ ነው፣ ከዛ ታንክና ቧንቧ የታጠበበትን የመጨረሻ ውኃ፣ የተጣራውን ቢራ እያልሽ ፕሌት (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ ትዘሪያለሽ፣ ላክቶባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ከበቀለ ቢራው ይኮመጥጣል ስለዚህ ያንቺ ፊርማ ከሌለ አይወጣም። የሌሊት ሺፍት አለው ግን እሱን ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያት።

ሰፌድ፦
ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላብራቶሪም አለ፣ የብሩሴላ (ከብት የሚያስወርድ በሽታ) እና የፒፒአር (የበግና የፍየል በሽታ) ናሙና ከየወረዳው ይመጣል። ሲሪንቃ ግብርና ምርምርም ቴክኒካል አሲስታንት ይቀጥራል። እውነቱን ልንገርሽ የመንግሥት መደብ በጀት ካልተለቀቀ አይወጣም፣ እሱን ብቻ ጠብቀሽ አትቀመጪ። ከተማርሽበት የትብብር ደብዳቤ አጽፊና ሁለት ሦስት ወር በነፃ ግቢ፣ እኔ እንደዛ ነው የጀመርኩት፣ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ሳይቀር ከፍቼ አላውቅም ነበር።

የደሴ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ደብዳቤውን ሰኞ አጽፋለሁ። የቢራ ላብ፣ ፈተናው ላይ በእጅ ያሠራሉ? ስንማር አንድ ማይክሮስኮፕ ለ20 ተማሪ ነበር፣ ፕሌት ራሴ የዘራሁት ሁለቴ ብቻ ነው።

የቢራ ላብ፦
እኛ ጋ ያሠራሉ። ዳይሉሽን (ናሙና ማቅጠን) ተለማመጂ፣ 1 ሚሊ ወደ 9 ሚሊ እያልሽ፣ ቤትሽም በሲሪንጅና በቀለም ውኃ ይሆናል። የምትቆጥሪው ከ30 እስከ 300 ኮሎኒ (የበቀለ የባክቴሪያ ነጥብ) ያለበትን ፕሌት ነው። ሺህ እጥፍ ከቀጠነው ላይ 1 ሚሊ ዘርተሽ 42 ብትቆጥሪ መልሱ 42,000 በሚሊ ነው። ባለፈው የመጡ ሁለት ልጆች በሺህ ሳያባዙ 42 ብለው ጽፈው ወጡ፣ በጣም አዘንኩ፣ እጃቸው ጎበዝ ነበር።